የሲኒማዋ መኪና አቧራ

ያቺ መኪና ቀለሟ ምን ነበር? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። መኪናዋ ግራጫ፣ በረሃው ግራጫ፣ የሾፌሩ ሸሚዝ ግራጫ፣ ሰማዩም ከሁሉ የነጣ ግራጫ። እውነተኛውን ቀለም የሚያውቅ ካለ፣ ፊልሙ ሲነሣ በሰው አገር በረሃ ላይ አጠገቧ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እኛ ግን ድሬዳዋ ላይ ተቀምጠን፣ በእጃችን ዳስሰናት የመጣን ይመስል፣ አንዳችን ቀይ አንዳችን አረንጓዴ እንላለን።

አንዳችን የምለው እኔንና የወንድሜን ሚስት ነው። ተጣልተን አናውቅም። እኔ ብዙ አልናገርም፤ እሷም ክፉ ቃል አልፈጠረባትም። ምንም አልበደለችኝም። የከበደኝም ይኸው ነው። የበደለን ሰው መጥላት ይቻላል፤ ካልበደለ ሰው ጋር ግን የሚቀረው ቅናት ብቻ ነው፣ እሱም መሄጃ የለውም።

ወንድሜና እኔ ያለ እናት ያደግን ነን። አባታችን የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበሩ፤ ድሬዳዋ የምድር ባቡሩን የሚጠራው በፈረንሳይኛ ስሙ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከለገሃሩ ብዙ ሳንርቅ፣ ለሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር። በጓሯችን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ወንድሜ ገና ልጅ ሳለ ከዘይት ጣሳና ከሣጥን እንጨት መኪና እየሠራ እዚያ ይውላል። እሱ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይቀጠቅጣል። እኔ እጨርሳለሁ። በሩ እንዳይንጋደድ፣ ጎማው እንዳይወላገድ፣ ቀለሙ ከመስመር እንዳይወጣ የማየው እኔ ነበርኩ። ካደገ በኋላ የአባታችንን መንገድ ተከትሎ ባቡር መጠገኛው ገባና ብየዳ ለመደ፤ መኪኖቹም አሻንጉሊት መሆናቸው ቀርቶ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያያቸው ሆኑ። ያኔም ቢሆን ሰው ሥራውን ሲያመሰግንለት፣ «ቆይ፣ እሷ ሳታየው አላለቀም» ይላል። እሷ ማለት እኔ ነኝ።

ለሌላው ሰው ተራ ቃል ነው። እኔ ግን በዚያ ቃል ውስጥ እንደ ቤት እኖር ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ታቅፈው ክርስትና ሲያስነሡ እኔ ደብተሬን ታቅፌ ወደ ማታ ትምህርት እሄድ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያገኘውን ሁሉ በትክክል ማግኘት ይፈልጋል፣ የሚያባክነው ጊዜ የለውማ። አንዲት ፊደል ከመስመሯ ወርዳ ከጻፍኩ ገጹን በሙሉ እንደ አዲስ እገለብጠዋለሁ። አስተማሪዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ታሰለቺያለሽ» ይሉኝ ነበር፣ እየሳቁም ቢሆን።

ወንድሜ ያገባት ልጅ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ካለች ትንሽ ጣቢያ ነው የመጣችው። ከሱማሌዎች ጋር ስላደገች ክርስቲያን ሆና «ዋላሂ» ትላለች። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን አጠቆሩ። ብዙም ሳይቆዩ ግን፣ «በይ እስቲ ማይልኝ» እያሉ በቤቱ ውስጥ የሚያስምሏት እሳቸው ሆኑ። እኔ አባቴን ማሳቅ የምችል አይመስለኝም ነበር፤ ሞክሬውም አላውቅ። እሷ ሳትሞክር ቻለችው።

በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ሁለት በርጩማዎች ነበሩ፤ የሱና የኔ። አንድ ቀን ስገባ በኔው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሚስማር ታቀብለዋለች።

«ነይ፣ ነይ እህቴ» አለችና ተነሣች። ተነሥታም በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ አበሰችልኝ።

ባትነሣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሲኒማ ይሄዳሉ። እኔ አልሄድም። አባቴ፣ «ያላገባች ልጅ ጨለማ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጎን አትቀመጥም» ብለው አንድ ጊዜ ተናግረዋል፤ እሳቸው ነገር አይደግሙም። እሷ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ሻሿን ከፊት ዝቅ አድርጋ አስራ ክንዱን ይዛ ታልፋለች። ከበራፋችን ላይ ሆኜ ከዛፎቹ ሥር ሲሄዱ አያቸዋለሁ፤ ሳቋ ከእሷ በኋላም ትንሽ ይቆያል።

ሲኒማው ጣራ አልነበረውም። ሰዉ በተደረደረ ወንበር ላይ ከሰማይ በታች ይቀመጣል፣ ፊልሙ በሁለት ምሰሶ መሀል በተወጠረ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ይታያል። ከጨርቁ ጀርባ የሞተው የሲኒማው ዘበኛ ሚስት የምትኖርበት አንድ ክፍል ነበር። ሱማሌ ናት፤ በቋንቋቸው አክስት ለማለት ኤዶ እንላታለን። ኤዶ በየምሽቱ ከደጇ ላይ ሰሌን ታነጥፍና ፊልሙን ከጀርባው ታያለች፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ምስሉ አልፎ ይወጣል። ከማታ ትምህርት ስመለስ አንድ ቀን በሷ በኩል አለፍኩ። «ቁጭ በይ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንገዴ በዚያ ሆነ፤ አባቴን ትምህርቱ ረዝሟል አልኳቸው፤ የሚያውቁት ወንድሜና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ከጨርቁ ጀርባ ያሉት ፈረንጆች በግራ እጃቸው ይጨባበጣሉ፣ በግራ እጃቸው ይጎርሳሉ። እኔም ኤዶም ልማዳቸው መስሎን ነበር። ኤዶ የሚበላ ሰው ባየች ቁጥር ምላሷን ታጮሃለች።

«ቆንጆ ናቸው፣ ሀብታም ናቸው» ትላለች። «በግራ ይበላሉ። እናት የላቸውም እንዴ?»

ጽሑፍ ሲመጣ ግን የተገለበጠ መሆኑን አውቄአለሁ። የፈረንጁን ፊደል ያኔ እየተማርኩ ነበርና ወዲያው ለየሁት፤ ወረቀት ከጀርባው ለፀሐይ አንሥቶ ያየ ሰው ሁሉ ፊደል እንደሚገለበጥ ያውቃል። በልቤ እያቃናሁ አነበው ነበር። ሰውና መኪና ግን ፊደል አይደሉም፤ እነሱም ይገለበጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ለትክክለኛነት የምጨነቅ እኔ፣ ያንን አላሰብኩም።

ፊልሙ ጉድጓዱ ወደ ደረቀበት መንደር ውሃ በበርሜል ጭና በረሃ ስለምታቋርጥ አንዲት አሮጊት መኪና ነበር። ሾፌሩን ሳይሆን እሷን ነው የወደድኳት። መሀል ላይ ትንሸራተትና በአንድ ጎኗ ድንጋይ ላይ ትጋደማለች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ፣ አንድ ትከሻዋ ተጨራምቶ ትሄዳለች። መሪዋ በቀኝ መሆኑም አላስገረመኝም፤ ጣልያን ትቶ ከሄዳቸው የጭነት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ የሆነ በከተማችን ሞልተው ነበር። ፊልሙ እስኪቀየር ድረስ ከኤዶ ሰሌን አልጠፋሁም።

ሰው ስለወደደው ባለ ሲኒማው ለበዓል ደግሞ ሊያሳየው አሰበ። ግሪክ ነው፤ በፈረንሳይኛው ጌታ ለማለት ሙሴ እንለዋለን። ወንድሜን ጠርቶ፣ በሲኒማው በር በመስታወት ሣጥን ውስጥ የምትቆም፣ የፊልሟን የምትመስል ትንሽ መኪና እንዲሠራለት ጠየቀው። ዋጋው ገንዘብ አልነበረም። ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር፣ ሁልጊዜ።

ወንድሜ ይህን በእራት ላይ ሲያወራ፣ አንደኛው ወንበር የሱ ነው፣ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ግን ገና አልተባለም ብዬ አሰብኩ። ሞኝነት ነው። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየበሉ ነበር።

ወንድሜ ራሱ ፊልሙን ያየው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ከፈረቃ ወጥቶ ስለነበር ግማሹን አንቀላፍቶበታል። ስለዚህ ቆርቆሮውን ከመምታቱ በፊት በጓሮዋ ክፍል ውስጥ ሁለታችንን ጠየቀን።

«የተጋጨው የትኛው ጎኗ ነው?»

«ቀኙ» አለች ሚስቱ።

«ግራው» አልኩ እኔ።

«አቦ፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ?»

«የግራው ፓራፋንጎ ነው። ከጎማው በላይ ያለው ክዳን ከመሀሉ ታጥፏል። መብራቱም የግራው ነው የተሰበረው፣ ክፈፉ ግን አልወደቀም። የጎን መስታወቷ ላይ ጨርቅ ታስሯል፣ ነጠብጣብ ያለው።»

«ጨርቁን እኔ አላየሁትም» አለችና ሳቀች። «ዋላሂ ይቺ ልጅ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ነበር።»

ወንድሜ እሷንም እኔንም አየ። «እሷ ካለች ግራ ነው» አለና መዶሻውን አነሣ።

በዚያ ሳምንት ከኔ የደላው ሰው በከተማው አልነበረም። ሰሃን ሳጥብ እንኳ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ቀለሙ ላይ ስንደርስ ደግሞ፣ «ቀይ ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አላት ወንድሜ።

«ይታወቃላ። እንደዚያ ያለች ደፋር ቀይ ካልሆነች ምን ልትሆን ነው?»

እኔ አረንጓዴ አልኩ። ምክንያት ነበረኝ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ዛፍ አለች፤ ሾፌሩ መኪናዋን እሷ ሥር አቁሞ ይተኛል። ያኔ ኮፈኗ፣ ማለቴ የሞተሩ ክዳን፣ ከቅጠሉ አይለይም፤ የሁለቱ ግራጫ አንድ ነው። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ግን ወንድሜ፣ «ያለኝ የፉርጎ ቀለም ነው፣ እሱም አረንጓዴ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከፊት ወንበር ላይም ሆነ ከሰሌን ላይ ቢያዩት ግራጫ ግራጫ ነው፤ እኔና እሷ እኩል የሆንነው በዚህች አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሷም ያሸነፍኩት ቀይ ቀለም በቤቱ ስላልነበረ ነው።

መኪናዋ ክንድ ከስንዝር ትሆናለች። በሮቿ ይከፈታሉ፣ መሪዋ ይዞራል፣ ጎማዋ ከአሮጌ ጎማ የተቀረጸ ነው። ተቀብታ ስትደርቅ ለሙሽራ የምትከራይ መኪና መሰለች። ወንድሜ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋት።

«በይ አስረጃት» አለኝ።

ግማሹን ሥራ ቀድሜ ጀምሬው ነበር። ከጅቡቲ ጨው የሚያመጡት ፉርጎዎች ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ቀለማቸው እንደሚላጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ። ስለዚህ አረንጓዴው ሳይቀባ፣ ከሥር የተቀባው ቡናማ ገና ሲያጣብቅ፣ እጅ በሚበዛባቸው ቦታዎች ላይ ደቃቅ ጨው በጣቴ በትኜ ነበር። አረንጓዴው ከላዩ ደረቀ። አሁን እርጥብ ጣቴን ሳሳርፍበት ጨው ያለበት ብቻ እየተነሣ ሄደና ከሥሩ ዝገት የመሰለው ቡናማ ብቅ አለ፣ ጠርዙ ሰው ሠራሽ በማይመስል መልኩ እየተሸራረፈ።

ከዚያ እውነተኛውን ዝገት። ወንድሜ ከመጠገኛው ያመጣልኝን የዛገ ብረት ፈቅፍቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በነጠላ ቁራጭ ነፋሁት። ከመጋላ ገበያ በተገዛ ሙጫ ለውሼ በመርፌ ጫፍ አስቀመጥኩት። ዝገት የትም አይበቅልም፤ ውሃ ከሚያድርበት ይጀምርና ወደ ታች ያለቅሳል። ከብሎን ሥር፣ ከበር ማጠፊያ፣ ከካሶኒው፣ ከጭነት ሣጥኗ ጥግ። ሌላ ቦታ ያየሁትን በምላሴ ባረጠብኩት ጨርቅ አነሣሁት።

አቧራውን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ውሃው ጥሎት ከሄደው ልም አመጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ከመልካ ጀብዱ የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ሳጠና ሰነበትኩ። አቧራ መኪናን እኩል አያለብስም። ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ይወፍራል፣ በኮፈኑ ላይ ይሳሳል። ሾፌሩ ክንዱን በሚያሳርፍበት የበር ጠርዝ ላይ የለም፤ እግር በሚረግጠው መወጣጫ ላይም የለም፣ እዚያ ብረቱ ያበራል። በፊት መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የሚደርስበት ንጹሕ ነው፣ እንደ ሁለት ማራገቢያ። ውሃ ለምትጭን መኪና ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከበርሜሎቹ ሥር ጠብታ እየወረደ አቧራውን ያጠቁረዋል። በፊልሙ ላይ አይቼዋለሁ። ያንን መስመር ለማውረድ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። የጭስ መውጫዋን በፋኖስ ጥላሸት አጠቆርኩ፤ ሸራዋን በወፍራም ሻይ ቀቀልኩ።

የወንድሜ ሚስት ማንጎ ልጣ ትመጣለች፣ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያች ቀን በኋላ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

«እጅሽ እኮ የሐኪም ነው» ትለኛለች። «እስቲ ለኔም ትንሽ አቧራ ተዪልኝ።»

«ነገ» እላታለሁ።

ነገ ስትመጣ የተረፈ አቧራ አይኖርም።

በመጨረሻ በሯ ላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። አቃንቼ፣ በትክክል። ወንድሜ መኪናዋን አዙሮ አዙሮ አያትና በትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ። ደክሞኝ ስለነበር ነው መሰለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሙሴ መኪናዋን ለማየት እኛ ቤት መጣ። የራሱን ሾፌርም ይዞት ገባ፤ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፣ ፊልሙን ሁሉ በነጻ ያያል። አባቴ በወንበራቸው ተቀምጠዋል። ሚስትየው ከባሏ ጎን ቆማለች። እኔ ሎሚ ውሃ በትሪ ይዤ ገባሁ። ወንድሜ ጨርቁን ሲገልጠው ሙሴ መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«ይሄ አቧራ ማን ሠራ?» አለ። «ይሄ ሰው ፊልም አንድ ጊዜ አይደለም ያየው። ብዙ ጊዜ ነው ያየው። ይሄ ውሃ፣ እዚህ የወረደው፣ እኔ ራሴ አላየሁም።»

የጠበቅኩትን ቃል ታውቁታላችሁ። እሷ ሳታየው አላለቀም። ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ወንድሜ እኔን አየኝ፤ ከዚያ አባቴን አየ። አባቴ መልሱን እየጠበቁ ነበር።

«ባለቤቴ ናት» አለ።

ያዳነኝ መሆኑን አውቄአለሁ። ወዲያው ነው ያወቅሁት። ብርጭቆዎቹን ለእንግዶቹ ማደል ጀመርኩ።

ሙሴ የሷን እጅ ጨበጠ። አባቴ፣ «ይቺ ልጅ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። በዚህ መሀል የሙሴ ሾፌር ከመኪናዋ ፊት ተቀምጦ አንገቱን ያዘነብላል።

«ጉድ ነው» አለ። «ጌቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የተጋጨችው በቀኟ ነው። መሪዋም በግራ ነው። እኔ እንጀራዬ ነው፣ አይጠፋኝም።»

ወንድሜ ቀና አላለም፤ ጆሮው ግን ቀላ። እንግዲህ ተነገረ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ስም ይጠራል አልኩ በልቤ። እሷ ግን ሳቀች።

«አቦ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ቀኝና ግራ ድሮም ይምታታብኛል። ባሌን ግራ ነው ብዬ አሳሳትኩት። እሱን አትቆጡት።»

ሙሴም ሳቀ። «መስታወት ውስጥ ነው የምትቆም» አለ። «ሰው አያውቅም።»

ቀኝ ያለችው እሷ ነበረች። ትክክል የነበረችውም እሷ ነበረች። ምስጋናዬ በሰው አፍ ተሰጣት፤ ስህተቴን ግን ራሷ እጇን ዘርግታ ወሰደችው። አባቴ ያን ቀን ከሁሉ አብልጠው የወደዱላት ያንን ማመኗን ነው። ለእኔ ከያዝኩት ባዶ ትሪ በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ፊልሙ ተጀመረና ከኤዶ ሰሌን ላይ ተመለስኩ። በጨርቁ ላይ ሾፌሩ በግራ እጁ ሲጎርስ በሩ ላይ ያለውን የተገለበጠ ጽሑፍ አየሁ፤ እጁም መኪናዋም እንደ ጽሑፉ የተገለበጡ መሆናቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ኤዶ» አልኳት፣ «በቀኝ ነው የሚበሉት። ከጀርባ ስለምናያቸው ነው።»

«ዋላሂ በግራ ነው» አለችኝ። «ይኸው በዓይኔ እያየሁ።»

ጨርቁ ከታች መሬት አይነካም ነበር። አንገቴን ዝቅ ሳደርግ በክፍተቱ በኩል የፊት ረድፉ ታየኝ። ሁለቱ ወንበሮች ላይ ወንድሜና ሚስቱ። የመኪናዋ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ነገር በጆሮው አለችውና ሳቀ። ቀና ብዬ ፊልሙን ማየት ሲገባኝ እነሱን አይቼ ጨረስኩት።

ወንድሜ በኋላ በጓሮ፣ «ምን ላድርግ፣ አባባ ተቀምጠው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያች ወዲህ መኪና አልሠራም። ልጆች መጡ፣ ፈረቃው በዛ፤ የቆርቆሮዋ ክፍል የከሰል ማስቀመጫ ሆነች። «እሷ ሳታየው አላለቀም» የሚልበት ምክንያት አልኖረውም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሙሴ መኪናዋን ለአባቴ ላከላቸው። ከቡፌው ላይ፣ ከራዲዮኑ ጎን አቆሟት። ሲኒማ የማይወዱት አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደሷ ይጠቁማሉ። «ይቺን አቧራ ያያችኋት እንደሆነ የልጄ ሚስት ናት በእጇ ያሳረፈቻት። ግራና ቀኝ ይምታታባታል፣ እጇ ግን አይምታታም» ይላሉ። ሁልጊዜ በዚያው ቃል፣ ሁልጊዜ በዚያው ሳቅ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆኜአለሁ፣ ትንንሾቹን ሀ ሁ አስቆጥራለሁ፤ ሰው ፊት ግን ከዚያች መኪና ያነሰ ነው የሚወራልኝ። ቡፌውን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ራዲዮኑን፣ ብርጭቆውን፣ ፎቶግራፉን እወለውላለሁ። መኪናዋን በአጠገቧ እንኳ እፍ አልልም።

እንግዲህ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ያ የሙሴ ሾፌር በዓመት በዓል በግ ከመልካ ጀብዱ የሚያመጣልን ወዳጅ ሆኗል፤ በጉን አስሮ ከአባቴ ጋር ተቀምጧል። ወንድሜ ፈረቃ ላይ ነበር። ሚስቱ እኔን ልታግዘኝ ቡፌውን ማጽዳት ጀምራለች። ከወጥ ቤት ስወጣ መኪናዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ከባልዲው የወጣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ አየኋት። ጨርቁ ኮፈኑ ላይ ሊያርፍ ነው።

«ተዪያት!»

የኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ጮኼ አላውቅም ነበር። እሷ እንደያዘች ቀረች።

«የራሷን ሥራ ብታጥበው አንቺን ምን አገባሽ?» አሉ አባቴ።

«የሷ ሥራ አይደለም» አልኩ። «ብትሆን እርጥብ ጨርቅ አታስጠጋም ነበር። አቧራው የታሰረው በሙጫ ነው፣ ውሃ ከነካው ይሄዳል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አባባ። አቧራውንም፣ ዝገቱንም፣ የውሃውንም መስመር። ግራ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ቀኝ ብላለች።»

አባቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«አንቺ ሲኒማ የት አየሽ?»

«ከጨርቁ ጀርባ። ከኤዶ ደጃፍ።»

ሾፌሩ ጭኑን መታ። «በለው! ከጀርባ ላየ ቀኙ ግራ ነዋ! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ከፊት ተቀምጦ እንዴት ተሳሳተ እያልኩ ስደነቅ።»

«የማታ ትምህርት ረዘመ ነበር ያልሽኝ» አሉ አባቴ።

«ትምህርቱም ነበር።»

ተነሡ። መኪናዋን ከምራታቸው እጅ ተቀብለው በግድግዳው ላይ ወዳለው መስታወት ሄዱ፣ ፊቷንም ወደ መስታወቱ አዞሩ። በመስታወቱ ውስጥ መሪዋ በግራ ነበር፣ የተሰበረው መብራቷ በቀኝ። የዞረው የበሩ ጽሑፍ ብቻ ነበር። እሳቸው ፊልሙን አይተው አያውቁም፤ የነበረችውን መኪና ያዩት ያኔ ነው።

«አንቺስ» አሉ ሳይዞሩ፣ የወንድሜን ሚስት መሆኑ ነው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷን ከሚቆጡ በኔ ቢኮሩ ይሻላል ብዬ ነዋ፣ አባባ» አለች።

አባቴ ሳቁ። ከሆዳቸው ሳቁ፤ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ መኪናዋም በእጃቸው አብራ። እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፣ የተሳቀው ለሷ ነው። የቆየው ቅናት መጥቶ እዚያው ቦታው ላይ ሲቀመጥ ታወቀኝ።

«ለመሆኑ ቀለሟ» አለ ሾፌሩ ተጠግቶ፣ «የእውነቷም እንዲሁ አረንጓዴ ነበረች?»

«ቀይ ናት» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ እየጨመቀች።

«አረንጓዴ ናት» አልኩ።

አባቴ ከመስታወቱ ዞሩ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ መኪናዋን ቡፌው ላይ በጥንቃቄ፣ አቧራዋን ሳይነኩ መለሷትና ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡ።

«አንቺ አረንጓዴ ያልሽበትን ምክንያት ንገሪኝ» አሉኝ።

እኔም ዛፏን፣ ቅጠሉን፣ ከሥሩ የተኛውን ሾፌር ጀመርኩላቸው።